ከአንድ ጥቅል ክር በቀር ደህና ነኝ

ውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? «እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤ ሲጻፍ እንደዚያ ነውና የሚባለው። ግን አውቅሻለሁ። ሦስት ዓመት ተኩል ድምፁን ያጠፋ ሰው ድንገት ተነሥቶ «ናፈቅሽኝ» ቢልሽ፣ «ምን ፈልጋ ነው?» ማለትሽ አይቀርም። ስለዚህ ከመጠርጠር ልገላግልሽ፤ የምፈልገው ነገር አለ። ከአንድ ጥቅል ክር በቀር ደህና ነኝ።

ይቅርታ። ይህ መቅደም ነበረበት መሰለኝ። ያላነሣሁት ስልክሽ፣ «ነገ እመልስላታለሁ» እያልኩ ያሳደርኳቸው መልእክቶች፣ ያለፉኝ የልደት ቀኖችሽ፣ ለሁሉም ይቅርታ። ዝርዝሩን አንድ ቀን ፊት ለፊት ተቀምጠን ትቆጥሪልኛለሽ፤ መቁጠር እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅበት የለም። አሁን ወደ ክሩ።

ሰማያዊውን ታስታውሺዋለሽ፤ ያንን ዝናብ ያዘለ ደመና የመሰለውን። እኔ አራት ጥቅል ወሰድኩ፣ አንቺ «ለምን እንደሚሆነኝ እንጃ» እያልሽ ሦስት ወሰድሽ። ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ስም በታች 417 የሚል ቁጥር አለ። ክሩ አብሮ የተነከረበት ዙር ቁጥር ነው። ያው ፋብሪካ ያንኑ ቀለም በሌላ ቀን ሲነክረው በጥቂቱ ይጠቁራል ወይም ይፈዝዛል። ማታ በመብራት አይታወቅም፤ ጠዋት ፀሐይ ላይ ግን እጅጌው ከሌላ ሹራብ ተቆርጦ የመጣ ይመስላል። አሮጌውንና አዲሱን ሁለት ሁለት ረድፍ እያፈራረቁ ቢሠሩ ልዩነቱ እንደሚደበቅ አላጣሁትም፤ አሮጌው ግን አልቋል። አዲስም መግዛት አልችልም። ገንዘብ አጥቼ እንዳይመስልሽ። ምዬ ነው።

መሐላው የመጣው ከቁም ሣጥኑ ነው። ከሁለት ወር በፊት መቀስ ጠፋብኝና ያለኝን ሁሉ ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። ሦስት መቀስ ተገኘ። ተጀምረው የቀሩ አራት ሥራዎች ተገኙ። ጓደኛ የሌለው ጓንት ተገኘ። ከዚያ 63 ጥቅል ክር። እኔ አንዱን ባለ 50 ግራም ጥቅል ሠርቼ ለመጨረስ ሁለት ምሽት ይፈጅብኛል፤ በሳምንት የማገኘው ደግሞ አንድ ምሽት ነው፣ እሱንም ከቀናኝ። 126 ምሽት! አንድም ሳልጨምርበት ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሒሳብ ሳስታርቅ የምውል ሴት፣ ይህችን ማባዛት እስከዚያን ቀን ሠርቻት አላውቅም።

ብዙውን የገዛሁት ሥራ በበዛባቸው ወራት መሆኑ ደግሞ ገረመኝ። መርፌ ለመንካት ጊዜ ባጣሁ ቁጥር ክር እገዛ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እየገዛሁ የነበረው ያንን ክር የምሠራበትን ጸጥ ያለ ምሽት ነው። ክሩ መጣ፤ ምሽቱ አልመጣም።

አንቺን «ቋጣሪ» እያልኩ ስንት ጊዜ እንደሳቅሁብሽ ትዝ ይለኛል። ያቺን ያረጀች ደብተርሽን አውጥተሽ ያወጣሽውን ስትጽፊ እጅሽን እይዝሽ ነበር። እንግዲህ ሳቂ፤ እኔም ደብተር ይዣለሁ። ግን እንዳንቺ የገንዘቡን መጠን ብቻ አይደለም የምጽፈው፤ ሰዓቱንም እጽፋለሁ። ከአንድ ወር በኋላ ሳየው የሚያስቆጨኝ ወጪ ሁሉ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የወጣ ሆኖ ተገኘ። ጠዋት ጠዋት እኔ ብልህ ሴት ነኝ። ማታ ደክሞኝ፣ እግሬ አብጦ፣ ቤት ውስጥ የሚበላ ነገር እያለ የተዘጋጀ ምግብ ገዝቼ እገባለሁ፤ ቤት ያለው ደግሞ ተበላሽቶ ይጣላል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ እንደተጣለ፣ ከዚያም ስልሳ በመቶው ከየመኖሪያ ቤቱ እንደወጣ ሲገልጽ አንብቤ፣ ጥፋተኛው ሌላ ሰው ይመስል ከንፈሬን መጠጥኩ። በማግስቱ ከማቀዝቀዣው ታችኛ መሳቢያ አንድ ፌስታል ሙሉ የሟሟ ሰላጣ አውጥቼ ጣልኩ።

ታዲያ መፍትሔ ብዬ ያደረግሁትን ብነግርሽ... እሺ፣ ልንገርሽ፤ ካንቺ ምን እደብቃለሁ። ለመቆጠብ ገዛሁ። ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ገዛሁ። ጠዋት ጥሬውን ከትተሽ ትሄጃለሽ፣ ማታ በስሎ ይጠብቅሻል ተባለ። እኔም ቀይ ቦሎቄ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩና ጠዋት ከነውኃው ገልብጬ ሥራዬ ሄድኩ። ማታ ደስ ብሎኝ በላሁ። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሆዴ ተገለበጠ። ሌሊቱን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኬ አደርኩ። ሐኪሙ ምን እንደበላሁ ሲጠይቀኝ «ቁጠባ» ልለው ምንም አልቀረኝም።

ለካ ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እሱ ነው መርዙ። የሚጠፋው በኃይል በሚንተከተክ ውኃ ነው። ያ ድስት ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚያሞቅ ወደ መንተክተክ ላይደርስ ይችላል፣ እንዲያውም ለብ ብሎ የቀረው ከጥሬው ሊብስ ይችላል። ስለዚህ አደራ፣ አንቺ ቤትም እንዲህ ያለ ድስት ካለ፣ ቦሎቄው ቢያንስ አምስት ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ውኃው ይደፋ፣ በአዲስ ውኃ ተራ ምድጃ ላይ ይንተክተክ። አሥር ደቂቃ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሠላሳ ደቂቃ ሳልሞላ አላወርድም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እኔ ላይ የተፈታው ሆዴ ነው።

አሁን ደስታዬን ልንገርሽ፤ ደስታዬ ከዚያው ቦሎቄ ወጣ። ሠላሳዋን ደቂቃ ፈርቼ ከምድጃው አጠገብ መቆም ጀመርኩ። ከዚያ ወንበር ሳብኩ። ከዚያ ባዶ እጄን መቀመጥ ሰልችቶኝ ሹራቡን አመጣሁ። ልብ በይ፣ የሚንተከተክ ድስት እጅሽን አይፈልግም፤ መኖርሽን ብቻ ነው የሚፈልገው። ሹራብ ደግሞ እጅሽን እንጂ ሌላ ምንም አይፈልግም። ስንት ዓመት ሁለቱን በተለያየ ምሽት ለማስቀመጥ ስጨነቅ ኖርኩ፤ ሁለቱም እኮ በአንድ ወንበር ላይ ይኖሩ ነበር። ሠላሳው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ቦሎቄው እስኪለሰልስ አንድ ሰዓት ገደማ ይቀረዋል፤ በዚያች ሰዓት ስንት ረድፍ እንደሚሠራ ብታዪ! አንድ ጊዜ ውኃው ተኖ እስኪያልቅ ረስቼው ድስቱን አቃጥያለሁ፤ ያንን አንቆጥረውም።

የቀረው ነገር ቀላል ነው። በዕረፍት ቀኔ አንድ ትልቅ ሳህን ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ እያለቀስኩ አንድ ጊዜ ሁሉንም አቁላላዋለሁ፣ በትንንሽ ዕቃ ከፍዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ቦሎቄውም እንደዚያው፤ ሲበርድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይገባል። በሥራ ቀን ማታ ሁለቱን አውጥቼ ቲማቲም ስጨምርበት በሩብ ሰዓት እራት ይደርሳል፤ ያቺ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የምትመጣው ሞኝ ሴት ገንዘብ ቦርሳዋን ለመክፈት ጊዜ አታገኝም። ሁልጊዜ አይሳካም። ያለፈው ወር መጨረሻ፣ ሒሳብ ሲዘጋ፣ ሦስት ቀን በተከታታይ ገዝቼ በላሁ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ሰዓቱን ጭምር።

በዕቃው ላይ ግን ስም መጻፍ አትርሺ። የሽንኩርቱን ልጣጭ እያጠራቀምኩ ክር እነክርበታለሁ፤ ቀቅለሽ ስታጠልዪው ነጩን ሱፍ ወርቃማ፣ ሲጠነክር ደግሞ ብርቱካንማ ያደርገዋል። ለነከራው የተለየ ድስት አለኝ፤ ቀለም ማስያዣው የሚበላ ነገር አይደለምና። የተረፈውን ቀለም ግን ሳልጽፍበት አቀዘቀዝኩት፤ አንድ ማታ ሾርባ ነው ብዬ አሙቄ ማንኪያ ይዤ ተቀመጥኩ። አፌ ሳይደርስ ሽታው አዳነኝ። ሰማያዊ የሚሰጥ ልጣጭ ግን የለም። ቀይ ጥቅል ጎመን ይሞክራል፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይለቃል። ጥሩ ሰማያዊ ከማዕድ ቤት የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ይህንን ደብዳቤ አልጽፍልሽም ነበር።

ይህ ቀልድ ነው። ግማሹ ቀልድ ነው።

በእጅ መሥራት ቁጠባ ነው ብዬ ላታልልሽም አልፈልግም። ብዙ ጊዜ ክሩ ብቻ ተሠርቶ ከሚሸጠው ሹራብ ይበልጣል፤ የምሽቱን ዋጋ ማን ይቆጥራል። የሚቆጥበው መጠገን ነው፣ እሱን ግን ማንም አያደንቅልሽም። ካልሲዎቼን ጠቅሜያለሁ፣ የኮቴን ገበር ሰፍቻለሁ፣ የክርኑ ላይ ቀዳዳ ተጥፏል። ሹራቡን የምሠራው ለመቆጠብ አይደለም።

ለማን እንደሆነ እስካሁን አልነገርኩሽም። እያመለጥኩ ነው። እሺ።

ለልጅሽ ነው። ያው ያኔ ቃል የገባሁላት ነው። አንቺ ገና አራስ ሳለሽ ጀርባውንና ደረቱን ጨርሼ ነበር፤ እጅጌው ሲቀር ሥራ ቀየርኩ። «እሑድ እጨርሰውና ሰኞ እደውልላታለሁ» አልኩ። ባዶ እጄን መደወል አፈርኩ። ከዚያ እሑዱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ፤ አንቺ ስትደውዪ ስልኩ ላይ የሚታየኝ ስምሽ ሳይሆን እጅጌ የሌለው ሹራብ ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ሥራማ በዝቶብኛል፤ ዝም ያልኩሽ ግን በእሱ አይደለም። እንዲህ ባለ ነገር ሰው ይጠፋፋል ወይ ብትዪኝ፣ እኔም አፍሬ ለማንም አልተናገርኩትም።

ቁም ሣጥኑን የገለበጥኩ ቀን ከሁሉ ሥር አገኘሁት። ሳነሣው ከእጄ መዳፍ ትንሽ ነው የሚተርፈው! እሷ አሁን ትሮጣለች፣ ትከራከራለች፣ ጫማዋን ራሷ ታደርጋለች መሰለኝ። ተቀምጬ ተረተርኩት። ሦስት ዓመት ታጥፎ የኖረ ክር ሲተረተር እንደ ጠጉር ይጠቀለላል፤ በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሜ አራት ቦታ አሰርኩት፣ ለብ ባለ ውኃ ሳላሽ ነከርኩት፣ ከታች ክብደት አንጠልጥዬ አደረቅሁት። ቀጥ አለ። አዲስ መሰለ ልልሽ አልችልም፤ ግን ቀጥ ብሏል። በዕድሜዋ ገምቼ ጀርባውንና ደረቱን እንደገና ሠራሁ፤ ያ ሁሉ ቦሎቄ የተቀቀለው በዚያ ነው። አራቱም ጥቅል አለቀ። ለአራስ የተገዛ ክር እንዴት ለእሷ ይበቃ።

እንግዲህ የምለምንሽ፣ ከብብቷ እስከ እጅ አንጓዋ ያለውን ለኪልኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አትንገሪያት። ደረቷንም ብትለኪ አልጠላም፤ ብቻ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ ድጋሚ ለመተርተር ልብ የለኝም። ክሩንም ፈልጊልኝ። ለሌላ ሰው ሰጥተሽው ከሆነ አልቀየምሽም፤ ምን ፊት አለኝ። ካልሲ ሠርተሽበት ከሆነ ግን፣ እባክሽ፣ ተርትሪው። አተራተሩንና አስተጣጠቡን ከላይ ጽፌልሻለሁ።

ብትፈልጊ ደውዪና ስደቢኝ፤ አነሣለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድስቱ አጠገብ ነኝ።

የድሮዋ ጓደኛሽ

ይድረስ በድጋሚ፦ አንድ ጥቅል ያልኩት እንዳላስደነግጥሽ ነው። እጅጌው ሁለት ነው።