ስሜን የሰፋሽበት ሹራብ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ይቺን "ደህና ነኝ" መቼም አንቺ ታውቂያታለሽ። ዛሬ የምጽፍልሽም በእሷ ጉዳይ ነው።

ባለፈው በስልክ "በ16 ዓመትሽ ብቻሽን ባህር ማዶ መላኬ በድዬሽ ይሆን?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ሳቅ ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። በስልክ ከሆነ መልሼ መዋሸቴ አይቀርም። ስለዚህ ልጻፍላት አልኩ።

የመጀመሪያውን ተርም በሙሉ ዋሽቼሻለሁ። "ጓደኛ አፍርቻለሁ" ስልሽ አንድም ጓደኛ አልነበረኝም። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። አዳሪ ትምህርት ቤት በሥራ ቀን ፋታ አይሰጥም። ደወል አለ፣ ክፍል አለ፣ ስፖርት አለ፣ ማታ ደግሞ የግዴታ የጥናት ሰዓት አለ። ለማልቀስ እንኳ ጊዜ የለም። እሑድ ግን ደወሉ ዝም ይላል። ናፍቆት የሚመጣው ያኔ ነው። አንቺም የምትደውዪው እሑድ ነበር። ስልኩ እንደተዘጋ ሻወር ቤት እገባና ውሃውን ከፍቼ አለቅሳለሁ። (ለካ እሑድ እሑድ ሻወሩ ወረፋ የሚበዛበት ለዚሁ ነበር! ያወቅነው በኋላ ነው።)

ከሁሉ የከበደኝ ቋንቋው ነው። ፈተና ላይ ከማንም አላንስም ነበር። ጨዋታ ግን ሌላ ነው። ቤት ውስጥ ምን ያህል ለፍላፊ እንደነበርኩ አንቺ ታውቂያለሽ። እዚያ የምለውን አሰናድቼ አፌን ስከፍት ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። በቃ ዝም አልኩ። ሪፖርት ካርዴ ላይ "ጭምት ተማሪ" ተብሎ ተጻፈ። አንቺ ደስ አለሽ። እኔ ግን ይቺ ጭምት ደግሞ ማን ናት አልኩ።

ስሜንም መጥራት አቃታቸው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ልብስ በጋራ ስለሚታጠብ ሁሉም ልብስ ላይ ስም ይሰፋ ተብሎ ነበር። አንቺ መነጽርሽን አድርገሽ ካልሲ እንኳ አላስቀረሽም። አንድ ምሽት የዶርም ጓደኛዬ የሹራቤን አንገት ገልብጣ ስሜን ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረች። ተሳሳተች፣ አረምኳት፤ ደግማ ተሳሳተች። መብራት ከጠፋ በኋላም አልጋዋ ላይ ሆና በሹክሹክታ ስትለማመደው ሰማኋት። የመጀመሪያ ጓደኛዬ እሷ ናት።

የጠበቀ ጓደኝነት የመጣው ግን በእረፍት ነው። ተርሙ አጋማሽ ላይ ለአንድ ሳምንት ትምህርት ሲቆም፣ የአገሩን ልጆች ወላጆቻቸው በመኪና እየመጡ ይወስዷቸዋል። ለሳምንት ብሎ አህጉር የሚያቋርጥ የለም። ዘጠኝ ሆነን ቀረን። ያ ሁሉ ጫጫታ ጠፍቶ ኮሪደሩ ላይ የራሳችንን እርምጃ እንሰማ ነበር። ፍራሻችንን ጎትተን አንድ ክፍል ውስጥ አብረን አደርን። እርስ በርስ ፀጉር ተቆራረጥን። (የዚያን ወር ፎቶ ለምን እንዳልላኩልሽ አሁን ገባሽ?) በየቋንቋችን ስድብ ተማማርን። እንግሊዝኛው ለዘጠኛችንም የሰው ቋንቋ ስለሆነ የሚቸኩል አልነበረም። አንድ ቀልድ እስከ መጨረሻው አወራሁ። ሳቁ።

አንቺ ሁልጊዜ "ስንተኛ ወጣሽ?" ትዪኝ ነበር። እኛ የተማርነው አይቢ ዲፕሎማ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነው፤ እሱ ላይ የክፍል ደረጃ አይሰጥም። ስድስት ትምህርት አለ፤ እያንዳንዱ ከ7 ይታረማል፤ ሌላ 3 ነጥብ ሲጨመር ጠቅላላው 45 ነው። እስከ 4,000 ቃላት የሚደርስ የምርምር ድርሰትም አለ። የእኔን ድርሰት ያቺው የዶርም ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ አንብባዋለች። ርዕሱ ጭራሽ አይገባትም ነበር።

የታሪክ መምህራችን ስለ ኩርት ሃን ሲነግረን ትዝ ይለኛል። ሂትለርን በመቃወሙ በ1933 የታሰረ፣ ከዚያ ወደ ብሪታንያ የተሰደደ ጀርመናዊ መምህር ነው። በ1962 በእሱ ሐሳብ አትላንቲክ ኮሌጅ የሚባል ዓለም አቀፍ አዳሪ ትምህርት ቤት ዌልስ ውስጥ ተከፈተ። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ነበር፤ የተለያየ አገር ወጣቶች አብረው ቢኖሩ ይግባባሉ ብሎ ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ብቻ መስኮት የሚባል ነገር የረሳ ይመስለኛል። ከእኛ አጠገብ ባለው ክፍል አገሮቻቸው የተዋጉ ሁለት ልጆች ነበሩ። (የአገሮቹን ስም ልተወው።) ሁላችንም በፖለቲካ ይጣላሉ ብለን ስንጠብቅ እነሱ በመስኮት ተጣሉ። አንዷ ካልተከፈተ አይተኛልኝም ትላለች፣ ሌላዋ ካልተዘጋ። ሦስት ሳምንት ተኮራረፉ። በመጨረሻ የዶርማችን ኃላፊ አልጋ አቀያየረቻቸውና በረደ። ስለ ጦርነቱ ያወሩት ከዓመት በኋላ ነው፣ አንድ ሌሊት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። በሩ ዝግ ነበር።

እና በድለሽኝ ነበር ወይ? እኔ እንጃ። ሽበትሽ ሲጀምር አላየሁም። አክስቴ ስትሞት እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ፤ ከፈተናው በኋላ ነው የነገራችሁኝ። ይሄ እስካሁን ይቆረቁረኛል። ግን መጀመሪያው ተርም ላይ "ነይ" ብትዪኝ በሩጫ እመጣ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ብትዪኝ ደግሞ እጣላሽ ነበር። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በሚቀጥለው ወር ስመጣ የዶርም ጓደኛዬም አብራኝ ትመጣለች። ሹራቡ እሷ ጋ ነው፤ ስንመረቅ ተለዋውጠን ነበር። ብዙ ታጥቦ ስለተኮማተረ አሁን የምትለብሰው ልጇ ናት። ስሜ አንገቱ ላይ እንዳለ ነው፣ የአንዱ ፊደል ክር ብቻ ተፈቷል። አንቺ እንድትሰፊው ይዛው ትመጣለች። "የእናቴ ዓይን ደክሟል" ብያት ነበር፤ "ክሩን እኔ መርፌው ውስጥ አስገባላታለሁ" አለችኝ። ስምሽን ካሁኑ እየተለማመደች ነው።

ልጅሽ