ለደንበኞቻችን፦ የፓወር ሳፕላይ ጥገና ለምን ይቆያል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ተቀይማችሁናል። «ሌላ ቦታ በአንድ ሰዓት የሚያልቀው እናንተ ጋ ሦስት ቀን ይቆያል፤ በዚያ ላይ የፍተሻ ብር ጨመራችሁ» ተብለናል። ስላስጠበቅናችሁ ይቅርታ። ውሳኔውን ግን አንቀይርም፤ እስቲ ምክንያታችንን ስሙን።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ። የቲቪው ወይም የሪሲቨሩ ፓወር ሳፕላይ፣ ማለት የመብራቱን ኃይል ለዕቃው በሚስማማው መጠን የሚቀይረው ክፍል፣ ይቃጠላል። ስንከፍተው ብዙ ጊዜ ሞስፌቱ (ኃይሉን በፍጥነት የሚያበራና የሚያጠፋው ዕቃ) ሾርት ሆኗል፣ ፊውዙ ጠቁሯል፣ ሞስፌቱን የሚያዘው ባለ 8 እግር ቺፕም አብሮ ሄዷል። መቀየሩ ቀላል ነው። ጭንቁ የሚተካው ቺፕ ነው። ከአሮጌ ቦርድ ተነቅሎ፣ ፊቱ ተፍቆ፣ ጥቁር ተቀብቶ አዲስ ቁጥር የተጻፈበት ቺፕ ገበያው ውስጥ አለ።

ስለዚህ ጥጥ አሴቶን ነክረን ፊቱን እናሸዋለን። ጥጡ ጠቁሮ ከሥር የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ከወጣ፣ ያ ቺፕ አይገጠምም። በአሴቶን የማይለቅ ቀለም ስላለ ግን እዚያ ላይ አናቆምም። ለምሳሌ ከእነዚህ ቺፖች 3842 የሚባለውን ለብቻው አስቀምጠን ቮልቱን ቀስ እያልን እንጨምርለታለን። ደህናው 16 ቮልት አካባቢ ሥራ ይጀምራል፤ 8ኛው እግሩ ላይም 5 ቮልት ይወጣል። ስንቀንስለት 10 አካባቢ ይጠፋል። 8 ቮልት ተኩል ገደማ ላይ ከተነሳ፣ ቁጥሩ የተቀየረ 3843 የሚባለው ወንድሙ ሊሆን ይችላል። ለእናንተ ቦርድ የታሰበው እሱ አይደለም። ከገጠምነው በኋላም መጀመሪያ የምናበራው ከአምፖል ጋር በተከታታይ አያይዘን ነው። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ሾርት አለ ማለት ነው።

የመብራቱ 220 ቮልት ቦርዱ ውስጥ ወደ ቀጥታ (ዲሲ) ሲቀየር 310 ቮልት ገደማ ይሆናል። በዚህ መሃል አስመስሎ የተሠራ ቺፕ ከሳተ አዲሱን ሞስፌት ይዞት ይሄዳል። እናንተም እንደገና ትከፍላላችሁ። «አጭበርባሪ» የሚለው ስም ደግሞ ለቺፑ ሻጭ አይደርስም፤ የሚተርፈው ለእኛ ነው። ይሄ ያመናል።

ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የዕቃችንም ዋጋ አብሮ ወጣ። ፈትሸን የምንጥለው ቺፕ ኪሳራው የኛው ነው፤ የፍተሻው ብር እሱን እንኳ አይሸፍንም።

ሱቁን ስንከፍት ኮንዶሚኒየሙ ገና ሰው እየገባበት ነበር። ያን ጊዜ በጭቃው ካውያና ቲቪ ተሸክማችሁ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ያልሞከሩትን ዕቃ ለባለቤቱ አያስረክቡም ነበር። እኔም አላደርገውም።

ከእንግዲህ የተነቀለው ቺፕ ከዕቃችሁ ጋር ይሰጣችኋል። ፍተሻውን ማየት የሚፈልግ ገብቶ ይይ፤ ወንበር አለ። መቆየት የማይችል ምንም ሳይከፍል ዕቃውን መውሰድ ይችላል፤ አንቀየምም። ባትወስዱብን ግን ደስ ይለናል።

አክባሪያችሁ፣
የሱቁ ባለቤት