የማሞቂያ ቫልቭን መዝለል ጥገና አይደለም

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ የተሽከርካሪ ዓምድ ላይ፣ የአሮጌ ካምፐር ቫን የማሞቂያ ቫልቭ ሲያፈስ ሁለቱን ማኒኮቶዎች (የጎማ ቱቦዎች) በአጭር ቧንቧ አገናኝቶ ማሞቂያውን ከመስመር ማውጣት «ርካሽና ዘላቂ መፍትሔ» ነው የሚል ምክር አንብቤአለሁ። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው እስከ ጋራዥ የሚያደርስ ዘዴ መሆኑን አልክድም፤ ዘላቂ መባሉን ግን አልቀበለውም።

ቫልቩ ከሞተሩ የሚመጣውን ትኩስ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከዳሽቦርዱ ሥር ወዳለችው ትንሿ የማሞቂያ ራዲያተር የሚያሳልፍና የሚከለክል ሲሆን፣ በአሮጌዎቹ መኪኖች በካቦ (በብረት ገመድ) ወይም በቫኩም (በሞተሩ የአየር መሳብ ኃይል) ይንቀሳቀሳል። ይህ መስመር ሲቆረጥ የሚቀረው የእግር ሙቀት ብቻ አይደለም፤ የፊት መስታወቱን ጉም የሚያነሳው ሞቃት አየርም አብሮ ይቀራል። ካምፐር ቫን ውስጥ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ስለሚያድር፣ በዚያ ላይ ምግብም ስለሚበስልበት፣ በብርድ ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ ውሃ ለብሶ ይገኛል። በዚህ ሁኔታ መንገድ ለሚጀምር ሾፌር ማሞቂያው የምቾት ዕቃ ነው ሊባል አይችልም።

እርግጥ ነው፣ ቫልቩን ቀይሮ ለውጥ ያላየ ሰው በሥራው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም፤ ብዙውን ጊዜ ግን ችግሩ መጀመሪያውኑ የቫልቩ አልነበረም። ሞተሩ በደንብ ከሞቀና ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ከተከፈተ በኋላ ከቫልቩ በፊት ያለው ማኒኮቶ ትኩስ፣ ከእርሱ በኋላ ያለው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ወይ ቫልቩ ተጣብቋል ወይ ካቦው ከመያዣው ወጥቷል። ሁለቱም ለብ ከማለት ካላለፉ ደግሞ ክፍት ሆኖ የቀረ ቴርሞስታትን (የኩላንቱን ሙቀት የሚቆጣጠረውን መዝጊያ) ወይም የጎደለ ኩላንትን መጠርጠር ይሻላል። መኪናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ ካለ፣ መስታወቱም ላይ ቅባት የመሰለ ጉም ከተቀመጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምታፈሰው ትንሿ ራዲያተር ናት። ቫልቩ ራሱ ሲያፈስ ምልክቱ በዓይን ይታያል፤ ዘንጉ ከአካሉ በሚወጣበት ቦታ ላይ የደረቀ ኩላንት ቅርፊት ሠርቶ ይገኛል።

ቫልቩን የመቀየር ሥራ የሚጀመረው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ግፊት ያለበት ትኩስ ኩላንት ክዳኑ በተከፈተበት ቅጽበት ፈንድቶ ያቃጥላል። ያረጀን ማኒኮቶ በፒንሳ ጨምቆ ፍሰቱን ማቆም ከውስጥ ሊሰነጥቀው ስለሚችል፣ እኔ ኩላንቱን ማውረድን እመርጣለሁ። አፉ ላይ (ማኒኮቶው በሚሰካበት አጭር ቧንቧ ላይ) የተጣበቀን ማኒኮቶ ደግሞ እያጠማዘዙ መጎተት አይገባም፤ በቢላ በቁመቱ ሰንጥቆ ማውጣትና አዲስ መግዛት ይሻላል፤ የትንሿ ራዲያተር አፍ ከተሰበረ የግማሽ ቀን ሥራ ዳሽቦርድ ወደ ማውረድ ይሸጋገራልና። አዲሱ ቫልቭ ሲገዛ የአፉ ስፋት ይለካ፤ 16 ሚሊሜትርና 19 ሚሊሜትር፣ ሻጩ «ያው ነው» ቢልም፣ ያው አይደሉም። ባለአራት አፍ የነበረውንም በባለሁለት አፍ መተካት አይቻልም፤ ባለአራት አፉ ማሞቂያው ሲዘጋ ኩላንቱን በሌላ መንገድ ወደ ሞተሩ ይመልሳልና። አካሉ ላይ ቀስት ካለ በፍሰቱ አቅጣጫ ይገጠማል፤ ፕላስቲክ ከሆነም ማኒኮቶውን የሚያስረው ፋሼታ ከልክ በላይ ከጠበቀ አፉ ይሰነጠቃል። ካቦው ከመታሰሩ በፊት የቫልቩ ማንሻ እስከ ሁለቱም ጫፎች መድረሱ ይታይ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት አየር በማውጣቱ ላይ ነው። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ያለውን ቮልስዋገን ቲ3 ብንወስድ፣ ሞተሩ ከኋላ፣ ራዲያተሩ ከፊት ስለሆነ ኩላንቱ በመኪናው ሥር በረጃጅም ቧንቧዎች ይመላለሳል፤ ቫልቩ ሲቀየር የገባው አየርም ከፊት በኩል ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ የመኪናው ፊት ከፍ ተደርጎ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የማሞቂያው ቫልቭም ተከፍቶ፣ ራዲያተሩ አናት ላይ ካለችው ቡሎን አረፋ የሌለው ኩላንት እስኪወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ አዲሱን ቫልቭ ብልሹ ነው ብለው የሚመልሱ አሉ።

የወረደው ኩላንት በብዛት ኤቲሊን ግላይኮል የተባለው መርዝ አለበት፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻና ሕፃን ሊቀምሱት ይችላሉ። በሳፋ ተቀብሎ በተከደነና ምልክት በተደረገበት ዕቃ ማስቀመጥ ግዴታ ነው፤ የዓምዱ ጽሑፍ ግን ስለዚህ አንድም ቃል አላነሳም። በሚቀጥለው እትም ይህ ማስጠንቀቂያ እንዲታከል፣ «ዘላቂ» የተባለውም «ጊዜያዊ» ተብሎ እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓምዱ ተከታታይ