የሟች ታሪክ በሹመት ዝርዝር ብቻ አይጻፍ

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እትማችሁ በሞት ስለተለዩን የቀድሞ አለቃችን ያወጣችሁትን የሕይወት ታሪክ አንብቤዋለሁ። የትምህርት ማዕረጋቸው፣ የሠሩባቸው ቦታዎች፣ ያገኟቸው ሽልማቶች ሁሉ በትክክል ሰፍረዋል። ሰውየው ግን የሉበትም።

እኛ አብረናቸው የሠራን የምናስታውሰው ሌላ ነው። ረቂቅ ስናቀርብላቸው ስህተቱን ራሳቸው አያርሙትም ነበር። በእርሳስ ከሥሩ ያሰምሩና ኅዳጉ ላይ «ለምን?» ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገባችን ይቀመጣሉ፤ ነገሩ እስኪገባን ድረስ አይነሱም። ስብሰባ ላይ ሥራው ሲመሰገን የሠራውን ልጅ ስም ይጠራሉ። ጥፋት ሲመጣ ግን «ኃላፊነቱ የእኔ ነው» ይላሉ። ለብዙዎቻችን ከአለቃነት አልፈው ወዳጅ የሆኑትም በዚህ ነው። ዛሬ እኛም ሰው የምናሠራው እሳቸው እንዳሠሩን ነው።

ይህ ይጻፍ የምለው ለሙገሳ አይደለም። ሙያ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም፤ ብዙው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ያየው ሰው ካልጻፈው አብሮ ይቀበራል። ቤተሰብም ቢሆን የሚያውቀው አባትን እንጂ አለቃን አይደለም። ልጆቻቸው ለቅሶው ላይ ስለ ሥራ ቦታቸው ስናወራ አንድም ቃል እንዳያመልጣቸው ሆነው ነበር የሚያዳምጡን።

ስለዚህ የሕይወት ታሪክ ስታወጡ ከሟቹ ጋር የሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎችን፣ በተለይ በሥራ ደረጃ ከበታቻቸው የነበሩትን፣ «ምን አስተማሩህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን አሳጥራችሁ ከታሪኩ ሥር አትሙት። ስለ አለቃችን ለመጻፍ እኛ ባልደረቦቻቸው ዝግጁ ነን።