እህትዓለም፣ ስለ ሦስቱ ክፍሎች ነው

እህትዓለም፣ እንደምን ከረምሽ?

ስንት ክረምት እንዳለፈ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ለእናትሽ ለቅሶ አልደረስኩም። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባበት መንገድ። ምክንያት ነበረኝ፣ ግን በጽሑፍ አይሆንልኝም። ነፍሳቸውን ይማር። ይቅር በይኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክሽን አውጥቼ የመለስኩበት ቀን ስፍር ቁጥር የለውም። በቆየሁ ቁጥር ደግሞ ይብስ አሳፈረኝ።

አሁን የጻፍኩልሽ ስለቸገረኝ ነው፤ አልዋሽሽም።

ኑዛዜ ላደርግ ነው። አትደንግጪ፣ ስኳሩ እንዳለ ነው እንጂ ሌላ የለብኝም። ጽፌም ነበር እኮ። በ2011 ግንቦት፣ ባለቤቴ ባረፈ ሰሞን፣ አንድ ሌሊት ተነስቼ በእጄ ጻፍኩና ሳጥን ውስጥ ከቀሚሴ ሥር ከተትኩት። ዋናው ቤት ለልጆቼ፣ ጓሮ ያሉት ሦስት ክፍሎች ደግሞ ከገጠር መጥተው ለሚማሩ ሴት ልጆች፣ ያለ ኪራይ። ለማንም አልተናገርኩም። በቃ ጨረስኩ ብዬ ስንት ዓመት ተኛሁበት።

ባለፈው ሕግ የተማረ የጎረቤት ልጅ ቡና ሊጠጣ መጥቶ እንደ ዋዛ አነሳሁለት። «እትዬ፣ በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ እኮ በ7 ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል» አለኝ። ጣቴን ቆጠርኩ። ግንቦት ሲመጣ 7 ዓመት ይሞላዋል! ወረቀቱን አውጥተን ስናየው ይባስ ብሎ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀንም ፊርማም የለም፤ ሕጉ በእያንዳንዱ ገጽ ይፈልጋል። በቃል ብናዘዝስ አልኩት። የቃል ኑዛዜ ከ500 ብር በላይ ስጦታ አይሆንም አለኝ። በ1952 ሕጉ ሲወጣ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለአንዲት ልጅ የዓመት ደብተርና ጫማ አይሞላም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚህ መሀል ሞቼ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ አሳቤ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ላንቺ ማስረዳት የለብኝም። ተማሪ ሳለን ቤት ያከራዩንን እትዬን ታውቂያቸዋለሽ። «ተማሩና ትከፍሉኛላችሁ» ነበር የሚሉን፣ ወሩ በሞላ ቁጥር። በረንዳቸው ላይ የተደረደረው ኩበት፣ እኛ ክፍል ሲጨስ የሚሉት፣ ትዝ ይልሻል? ያንቺ ስንቅ ሐሙስ ያልቅና ሌሊት የኔን ቆሎ ስትቆረጥሚ እሰማ ነበር፤ ጠዋት «አይጥ ነው» ትያለሽ። አይጧን እስከ ዛሬ አልከሰስኳትም። ግን እህትዓለም፣ አልከፈልናቸውም። ማሠልጠኛ ጨርሰን ደሞዝ ስንይዝ አንቺ ወለጋ ተመደብሽ፣ እኔ ጎጃም። የሚቀጥለው ዓመት እንልካለን፣ የሚቀጥለው ዓመት። ስንመለስ እሳቸው የሉም። ይህን ከማንም ጋር አውርቼው አላውቅም። አንቺስ ታስቢዋለሽ?

አሁን ጓሮ ሁለት ልጆች አሉ። አንዷ ከባሶና ወራና ናት። አባቷ ቅዳሜ ለገበያ ሲወጣ ስንቋን በአህያ ጭኖ ያደርስላታል፤ በሶ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴ ድርቆሽ። ቆማ ነው የምታጠናው፣ እንቅልፍ እንዳይጥላት። ከሷ በፊት የነበረችው 12ኛን በ2015 ተፈተነች። ያ ዓመት በአገሩ ከተፈተኑት ልጆች ከየመቶው 50 ከመቶ ያመጡት 3 ገደማ ናቸው። የኔዋም አልሞላላትም፤ ሪሜዲያል ገባች፣ አለፈች፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት። ስትነግረኝ እልል አልኩ፣ ጎረቤት ሰው የተዳረ መስሎት ወጣ። ከተማው ፋብሪካ በፋብሪካ ሆኗል፣ ኪራዩ አይቀመስም። በየገጠሩ ደግሞ በግጭቱ ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ልጅ ልማር ብላ ከተማ ብትመጣ የት ትደር? አባቷ በጓን ሸጦ የሚከፍለው የስንት ወር ነው?

ልጄ ነገሩን ሲሰማ ዝም አለ። ዝምታው ከቁጣ ይከብዳል። ኋላ «ብታከራዪው መድኃኒትሽን ይገዛልሻል እኮ» አለኝ። ክፉ አይደለም፣ ለኔ ብሎ ነው። ደግሞ ልጆቼን ከውርስ ልነቅላቸው አልፈልግም፤ ያለ በቂ ምክንያት ሕጉም አይፈቅድም። ጎረቤቴ እንዳለኝ ቤቱን ለነሱ አውርሼ ክፍሎቹን ለተማሪዎች የመስጠት ግዴታ ኑዛዜው ላይ ማስቀመጥ እችላለሁ። ግን ከኔ በኋላ ማን ያያል? ማንን ይመርጣሉ? የዘመድ ልጅ፣ የባለሥልጣን ልጅ ቢገባበትስ? ወይ ተቆልፎ ቢቀርስ?

እንግዲህ ልናገረው። ኑዛዜውን እንደገና፣ በግልጽ ላደርገው ነው። አራት ምስክር ባለበት ይነበባል፣ እኔም እነሱም እዚያው እንፈርማለን። ሁለት ሰው የሚበቃው አንዱ እንደ ዳኛ ያለ፣ በሥራው ላይ የተቀመጠ ሹም ሲሆን ነው። ምስክር አላጣም፣ የእድራችን ሰዎች አሉ። አንቺን የምፈልግሽ ለሌላው ነው። የውርስ አጣሪ ይሉታል፤ ለኔ አደራ ጠባቂ ነው። ልጆቼ ቃሌን መፈጸማቸውን የምታይ፣ ልጅቷን ስታያት የምታውቃት ሰው። ደሃ መሆኗን በወረቀት ሳይሆን ስንቋን እንዴት እንደምትቆጥብ አይታ የምትለይ። ካንቺ ሌላ ማንን ልበል?

እዚህ ላይ ሦስቴ ጽፌ ሰረዝኩ። ከስንት ዓመት በኋላ መጥቼ አደራ መጫኔ ድፍረት ነው። እምቢ ብትዪ አልቀየምሽም ልል ነበር፣ ግን እቀየማለሁ። ብቻ መልሽልኝ፤ እምቢም ቢሆን።

ግንቦት ሳይገባ ቅዳሜ ነይ። ባሶና ወራና ያልኩሽ አባት ይመጣል፣ ታዪዋለሽ፤ አባትሽን ነው የሚመስለው፣ አረማመዱ ሳይቀር። ወፍራም ጋቢ ያዢ፣ የዚህን አገር ብርድ ረስተሽዋል።

ያንቺው