ስለ «እጣቢው» ጉዳይ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ሰፈር ውስጥ «ልብሳችንን በሰው እጣቢ ታጥባለች» ይባላል አሉ። አንድ ደንበኛችን ጓሮ ገብተው ከማሽኑ ወደ ሮቶ የሚሄደውን ቱቦ አይተው ነው። ቀድሜ አለመንገሬ ጥፋቴ ነው፤ ይቅርታ። እጣቢ መባሉ ግን አሞኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽናችን በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ውሃ ይሞላል። አንዴ ለሳሙናው፣ ሁለቴ ለማለቅለቂያ። በየጊዜው 40 ሊትር ነው፤ በድምሩ ስድስት ጄሪካን። የሳሙናው ውሃና የመጀመሪያው ማለቅለቂያ እንደ ድሮው ይደፋል። የምናስቀረው የመጨረሻውን ብቻ ነው። እሱ ተጣርቶ ለቀጣዩ ዙር የሳሙና ውሃ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ልብሳችሁን ሁለቴ በአዲስ ውሃ እናለቀልቀዋለን። ውሃው አያድርም። ስለዚህ የጠዋቱ የመጀመሪያ ዙር ሙሉ በሙሉ በአዲስ ውሃ ነው። በቀሩት 11 ዙሮች በቀን 22 ጄሪካን ይተርፈናል።

እናንተም ጎንደር ነው የምትኖሩት፤ ቧንቧ በስንት ቀኑ እንደሚመጣ እኔ ልንገራችሁ? ውሃ የምናገኝበት አንገረብ ግድብ ሲሠራ ከተማዋ ይህን ያህል ሰው አልነበራትም። ደለሉም ዓመት በመጣ ቁጥር የውሃውን ቦታ ይሻማል። ቧንቧው ሲጠፋ በቦቴ አስመጣለሁ። የቦቴውን ሂሳብ እናንተ ላይ ብጭነው ማን ልብስ ያመጣልኝ ነበር?

እውነቱን ለመናገር ገና አላተረፍኩበትም። ለሮቶው፣ ለፓምፑና ለቧንቧ ሠራተኛው ያወጣሁት አልተመለሰም። የመብራት ሂሳቡም ጨምሯል። ግን ድሮ ውሃ ሲያልቅ የሚሠሩልኝን ልጆች ወደ ቤት እሰድ ነበር፤ የእናንተም ልብስ ሳምንት ይከርማል። ሁለት ወር ሆነን፣ በውሃ ምክንያት አንድም ቀን አልዘጋንም።

እናቴ ቀሃ ወንዝ ወርዳ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። ነጠላ እንዴት እንደሚነጣ ከእሷ ነው ያየሁት። ለጥምቀት የለበሳችሁት ነጠላ ከዚሁ ማሽን የወጣ ነው። ያኔም ቱቦው ነበር። «እጅሽ ይባረክ» ያላችሁኝም እናንተው ናችሁ።

ለማንኛውም ከሰኞ ጀምሮ የሕፃናት ልብስ፣ ነጠላና ጋቢ በአዲስ ውሃ ብቻ ይታጠባል። ዋጋው ያው ነው። ሌላውም ልብስ እንደዚያ ይሁንልኝ ለሚል በኪሎ 15 ብር እንጨምራለን፤ ቅር እንዳይላችሁ።

መደርደሪያው ላይ ሰባት ጋቢ አለ። ወሬው ከተነሳ ወዲህ ባለቤቶቹ አልመጡም። ታጥፎ ተቀምጧል። ስትመጡ በጓሮ በኩል ግቡና ሮቶውን ከፍታችሁ እዩት። ቡናም አይጠፋም።

አክባሪያችሁ፣
የላውንደሪው ባለቤት