ለሆስፒታላችን አልትራሳውንድ ሊኒየር ፕሮብ መግዣ፦ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የከተማችን ተወላጆችና ወዳጆች፣

ደጋግመን ማስቸገራችን ይታወቀናል። በእናንተ ገንዘብ የተገዛው አልትራሳውንድ ዋና ማሽኑ ደህና ነው። የተበላሸው ሊኒየር ፕሮቡ ነው፣ ከቆዳ ሥር ያለውን ለማየት ሰውነት ላይ የሚያርፈው ፊቱ ቀጥ ያለ የእጅ መሣሪያ፤ ወድቆ ድምፅ የሚልኩና የሚቀበሉት ክሪስታሎቹ ተሰነጣጥቀዋል። በምስሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቁር መስመር ይወርዳል፤ የምንመረምረው እብጠት እዚያ ጥላ ውስጥ ሲገባ ጠርዙ አይለይም። ጄል ቢበዛ የሞተ ክሪስታል አይነሳም።

«ኮንቬክሱ (ፊቱ የጎበጠው ሌላው ፕሮብ) አለ አይደል?» ላላችሁን፦ የእሱ የድምፅ ድግግሞሽ ከ2 እስከ 5 ሜጋ ኸርዝ ነው፣ ለሆድና ለእርጉዝ። ከቆዳ ሥር ላለ የክንድ ወይም የጭን እብጠት ከ7 እስከ 12 ሜጋ ኸርዝ፣ ቢቻል ከዚያም በላይ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚሰጠው ሊኒየሩ ነው። ያለሱ ውኃ የቋጠረውን ከጠጣሩ፣ ተራውን የስብ እጢ ከሚያሰጋው መለየት ግምት ነው።

ግምቱ ደግሞ እጅና እግር ያስከፍላል። ከ5 ሳንቲ ሜትር የበለጠ፣ ከጡንቻ ሽፋን በታች የተቀመጠ፣ በፍጥነት የሚያድግ ወይም ተቆርጦ የተመለሰ እብጠት ቢላዋ ሳይነካው በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት በሚያነሳው መሣሪያ) ሊታይ ይገባል። «ስብ ነው» ተብሎ የተከፈተው ሳርኮማ (የጡንቻ፣ የስብና የመሳሰለው ሥጋ ካንሰር) ሆኖ ከተገኘ፣ ሕዋሳቱ በቁስሉ ስለሚበተኑ ቀጣዩ ቀዶ ሕክምና እጅግ ይሰፋል። «ተመቶ ደም ቋጥሮ ነው» የሚባለውም ያሳስታል፤ የቋጠረ ደም በሳምንታት ውስጥ መቀነስ አለበት፣ ካልቀነሰ ዳግም ይታይ። አልትራሳውንድ ብቻውን «ካንሰር ነው» አይልም። ነገር ግን ማን ቶሎ ወደ ጥቁር አንበሳ መላክ እንዳለበት ይለያል፤ ለምርመራ ናሙና የሚወስደውን የባዮፕሲ መርፌም ከዕጢው የሞተ መሐል ይልቅ ሕይወት ወዳለው የዕጢው ክፍል ይመራል። መርፌው የሚገባበት መስመር በቀዶ ሕክምናው ከዕጢው ጋር ተቆርጦ ስለሚወጣ፣ ቦታውን ቀዶ ሕክምናውን ከሚሠራው ሐኪም ጋር አስቀድሞ መስማማት ግድ ነው።

ኤምአርአይ ለምን አንገዛም ለምትሉ፦ ከሬዲዮ ሞገድ የተከለለ ክፍል፣ ማቀዝቀዣ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ በአብዛኞቹ ላይም ፈሳሽ ሂሊየም ይፈልጋል። አቅማችንን እናውቃለን።

ያለፈው ወጪም ሲነሳ ሰምተናል። ኮንቬክሱን ያስቀደምነው የእናቶች ወረፋ ስለሚበልጥ ነው። ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ (የመብራት ኃይል ማስተካከያና መጠባበቂያ) «ቅንጦት» ተብሎ ነበር፤ መብራት እየሄደ እየመጣ የማሽኑ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ እስካሁን ያልተቃጠለው ግን በእነሱ ነው። ደረሰኙም ቃለ ጉባኤውም በኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ለማንም ክፍት ነው። ፕሮቡ መውደቁ ጥፋት ነው፣ አንሸፋፍንም። አዲሱ ሲመጣ መስቀያ ይሠራለታል፤ ገመዱ ወለል ላይ አይጎተትም (የማሽኑ ጎማ ይረግጠዋል)፤ አምራቹ ካልፈቀደ በአልኮል አይጠረግም።

ከዋጋው ሲሶው ይቀረናል፣ መዋጮውም ቆሟል። የታመመን መጠየቅ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የታዘዝነው ነው። እድሮች፣ ሰበካ ጉባኤያትና የውጭ አገር ማኅበራት በየስብሰባችሁ አንሱልን። ያገለገለ ፕሮብ ልትልኩልን ያሰባችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁን፤ የአንዱ ኩባንያ መሰኪያ በሌላው ማሽን አይገባም።

ገንዘቡ በኮሚቴው የባንክ ሒሳብ ብቻ ይግባ። ቁጥሩ በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሰሌዳና በየእድሩ ጸሐፊ ዘንድ አለ። በቴሌብር የምታስገቡም ወደዚሁ ሒሳብ አስተላልፉ፤ ምክንያቱ ላይ «ፕሮብ» ብላችሁ ጻፉ፣ ያለዚያ ከወርኃዊው መዋጮ ጋር ይቀላቀልብናል። በእጅ የሚሰበስብ ሰው አልላክንም። ደግመን እንላለን፦ በኮሚቴው ሒሳብ ብቻ፣ «ፕሮብ» ተብሎ፣ ደረሰኙንም አስቀምጡ።

እግዚአብሔር ይስጥልን።
ኮሚቴው